«እንዳይረሱት ብዬ ነው»፦ የአረጋውያን የሚስጥር ቁጥር፣ ተረቱና እውነታው

ተረት፦ ትልቅ ሰው ቁጥር አይዝም። ቀለል ያለ ቁጥር ይሰጠው፤ ልጁ ወይም ባለሱቁም ይወቅለት።

ይህን አባባል አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ጅማ መርካቶም ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጆች ናቸው፣ የልጅ ልጆች ናቸው፣ የወኪል ሱቅ ልጆች ናቸው፣ አልፎ አልፎም መስኮት ላይ የተቀመጠ የባንክ ሠራተኛ ነው። ስልኩን ከአዛውንቱ እጅ ይቀበላሉ። «አዲስ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ 1234 ብለው ይመታሉ። ስልኩ ተከታታይ ቁጥር አልቀበልም ካለ መታወቂያውን ገልብጠው የትውልድ ዘመኑን ያስገባሉ። ከዚያም ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ «አባባ፣ የተወለዱበት ዓመት ነው፤ እንዳይረሱት ብዬ ነው» ይላሉ። አዛውንቱ መርቀው ይሄዳሉ።

እውነታው፦ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች አዛውንቶችን ለሌባ አሳልፎ እየሰጠ ያለው ይህ ደግነት ነው።

ነገሩ የሚከብደው ገንዘቡ የዓመት ገንዘብ ስለሆነ ነው። ቀይ እሸት በጥቅምት ግድም መለቀም ይጀምራል፤ ጀንፈሉ ደርቆ እስኪሸጥ ጥር ይደርሳል። የቡና ገበሬ የልጆቹን ትምህርት፣ የዕዳውን ክፍያ፣ የዓመት ልብሱን፣ የቤቱን ቆርቆሮ የሚያገኘው ከእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። ቀድሞ ያ ገንዘብ በእጅ ተቆጥሮ በጨርቅ ይቋጠር ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ሲጀምር፣ በነሐሴ 2015 ኤምፔሳ ሲከተለው፣ ባንኮችም ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ ሲያስለምዱ፣ የዓመቱ ድካም ከጥቂት አሃዞች ጀርባ ገባ። የኤቲኤም ካርድ 4 አሃዝ ይጠይቃል፤ ቴሌብር 6። እነዚያን አሃዞች የያዘ ሰው ቡናውን ይዟል ማለት ነው።

አንድ የገበያ ቀን አጋሮ ውስጥ በአንድ ወኪል ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ቦት ጫማቸው ላይ ጭቃው ያልደረቀ አዛውንት ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በላስቲክ አስረው ይዘዋል። ከላስቲኩ ሥር የቀበሌ መታወቂያቸው አለ፤ ከመታወቂያው ጀርባ የኤቲኤም ካርዳቸው አለ፤ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ አራት ቁጥር ተጽፏል። የሱቁ ልጅ ቀና ሳይል «ኮድ?» አላቸው። ጆሯቸው ከበድ ስላለ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩት። ከኋላቸው የቆምነው ሁላችንም ሰማን። ያን ዕለት የሰረቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን እኚህ ሰው ለመዘረፍ የቀራቸው ያችን ጥቅል አንድ ቀን መጣል ብቻ ነው። ልጁ «ቀስ ብለው ይናገሩ» እንኳ አላላቸውም።

መጀመሪያውኑ መናገር አልነበረባቸውም። ወኪል የማንንም ሚስጥር ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም። ገንዘብ ገቢ ለማድረግ የደንበኛው ስልክ ቁጥር ይበቃል። ወጪ ለማድረግ ደግሞ ቁጥሩን የሚያስገባው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ጣት። «ኮዱን ይንገሩኝና ልሥራልዎት» የሚለው አሠራር ከወረፋው ርዝመትና ከልማድ የመጣ እንጂ አገልግሎቱ የሚጠይቀው አይደለም። ይህን የሱቁ ልጅ ያውቃል። አውቆ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ይጠይቃል፤ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝም ይኸው ነው።

ከስርቆቱ የሚብሰው ደግሞ ጥርጣሬው ነው። የቡና ገንዘብ የጎደለበት አንድ ቤት አውቃለሁ። የአባትየውን ቁጥር የሚያውቁት ሁለት ልጆች፣ አንድ ምራትና የሱቅ ጎረቤት ነበሩ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥርጣሬው ያረፈው ግን ስልኩን አዘውትሮ ይይዝ በነበረው፣ ማለትም አባቱን ከሁሉ አብልጦ ይረዳ በነበረው ልጅ ላይ ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ማስረጃ ጠፋ። ከየት ይምጣ? ትክክለኛውን ቁጥር ያስገባ ሁሉ ለሲስተሙ ባለቤቱ ነው። መዝገቡ ላይ ገንዘቡን ያወጡት አባትየው ራሳቸው ናቸው። የሚስጥር ቁጥር ፊርማ ነው። በአንድ ፊርማ አራት ሰው ሲፈርም ሌባው አይያዝም፤ ንጹሑም ከሐሜት አይወጣም። እናም ቁጥሩን ከልጅ መሰወር ልጅን መጠርጠር ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። ቁጥሩን የማያውቅ ልጅ ማንም ጣቱን አይቀስርበትም።

አባባሉ መነሻ የለውም አልልም። መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። አብዛኛው አገልግሎት 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል። ከገራ ወይም ከጎማ የውስጥ ቀበሌ ለተነሳ አዛውንት፣ የተቆለፈውን ለማስከፈት ከተማ መውጣት የመኪና ብር ነው፤ በለቀማ ወቅት ደግሞ የሙሉ ቀን ሥራ ይበላል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ዓይን ይደክማል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል። «ቢረሱትስ?» ብሎ የሚጨነቅ ልጅ የእውነት ይጨነቃል። የማልቀበለው ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ አይችሉም» ማለትን ነው።

እስቲ ቁጥር የማይዘው ማን ነው? የጅማ አዛውንት ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን ይዞ የስንቱን ጀንፈል ሒሳብ ያለ ወረቀት ያወጣል። ስንት ኪሎ ቀይ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው ከመዛኙ ቀድሞ ይነግርሃል። የማን ዕዳ ከየትኛው ዓመት እንደቀረ፣ የትኛው በሬ በስንት እንደተገዛ አይጠፋውም። የአባት የአያቱን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ ብዙ ትውልድ ይወጣል። ቁርኣኑን ወይም ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣው ስንት ነው! «ፊደል አልቆጠረም» የሚሉትም ቢሆን ቸኩለዋል። ዛሬ 70 ዓመት የሞላው ሰው በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና በ20ዎቹ የነበረ ወጣት ነው። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛም አንዱ ነበር። ፊደል ያልዘለቀው እንኳ የብር ኖት ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሳሳት ያነባል።

በዕድሜ የሚደክመው ሌላ ነው። ትርጉም የሌለው አዲስ ነገር፣ ሌላ ሰው በችኮላ የሰጠው ነገር፣ አንዴ ተነግሮ የታለፈ ነገር ቶሎ ይጠፋል። በደንብ የተኖረና ብዙ ጊዜ የተነሳ የድሮ ነገር ግን ይቆያል። ወጣቱ በወረፋ መሐል መርጦ የሚሰጠው ቁጥር ከመጀመሪያው ወገን ነው። ስለዚህ «ስንቴ ሰጠናቸው፣ ስንቴ ረሱት» የሚለው ስሞታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ከአሰጣጡ ነው። ሰጥተናቸው ስለሆነ ረሱት። የራሳቸው ቢሆን ኖሮ አይረሱትም ነበር።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይምጣ? ከባለቤቱ የድሮ ኑሮ። አዛውንቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሁለት የድሮ ቁጥሮችን ያስታውሱ፤ ዋጋ፣ ሚዛን፣ የእንግዳ ብዛት፣ የመንገድ ርዝመት፣ የፈለጉት ይሁን። ለምሳሌ «በሬውን በ145 ብር ገዛሁ፤ ቤቱን በ860 ብር ቆርቆሮ አለበስኩት» ያለ ሰው 145860 የሚል ባለ 6 አሃዝ ቁጥር አገኘ። «ላሟን በ38 ገዝቼ በ71 ሸጥኳት» ያሉ እማማ ደግሞ ለኤቲኤም 3871 አላቸው። (እነዚህ እዚህ ታትመዋልና ማንም እንዳይወስዳቸው።) ቁጥሩ ከራሱ ታሪክ ጋር ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉም አይዘባረቅም፤ በሬው ከቆርቆሮው በፊት ነው የተገዛው፤ ላም ሳትገዛ አትሸጥም።

ታሪኩን መምረጥ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቡና በተፈላ ቁጥር ከነዋጋው የሚተረክ ታሪክ ሚስጥር አይደለም፤ ልጁም ጎረቤቱም በቃሉ ያውቀዋል። ሰው ፊት ያልተወራው ይመረጥ። ዓመተ ምሕረት ፈጽሞ አይሁን፤ የትዳሩም፣ የዘመቻውም፣ የልጁ ልደትም አይሁን። የአንድ ትውልድ ዓመታት ሁሉ በ19 ስለሚጀምሩ ሌባው የሚፈልገው የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ይሆናል። የራስ ስልክ ቁጥር መጨረሻ፣ የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥርም ይቅሩ።

እዚህ ላይ «ማን የእኔን የትውልድ ዘመን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። መታወቂያዎ ላይ ተጽፏል፤ መታወቂያዎ ስልክዎ ጀርባ ላይ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ሰዎች የባንክ ቁጥራቸውን እንዴት እንደሚመርጡ አጥንተው ነበር። የልደት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ ከካርዱ ጋር አብሮ ከተገኘ፣ ሌባ ከሚያገኛቸው ከ11 እስከ 18 ቦርሳዎች መሐል የአንዱን ቁጥር ገምቶ ሊያገኝ እንደሚችል አሰሉ። ስለ 1234ም የተሠራ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ኒክ ቤሪ የተባለ የቁጥር ተንታኝ፣ ሾልከው ከወጡ የይለፍ ቃሎች መካከል 3.4 ሚሊዮን ያህል ባለ 4 አሃዞችን ለይቶ ቢያይ፣ ወደ 11 በመቶ የሚጠጉት 1234 ሆነው አገኛቸው። በ19 የሚጀምሩትም ብዙ ነበሩ። በሌላ አገር የተሠራ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሰው ልጅ ሲቸኩል የሚመርጠው የትም ያው ነው፤ ሌባም ይህን ያውቃል።

በእኛ ሁኔታ ሌባው ማን እንደሆነ ማሰብም ይበጃል። ከባሕር ማዶ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሰው የአጋሮውን አዛውንት አያውቃቸውም። የሚያውቃቸው ስልኩን «አንዴ ልይልዎት» ብሎ የሚቀበለው ነው፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው ነው፣ ካርዱ ወድቆ ያገኘው ነው። ይህ ሰው ያለው ዕድል 3 ሙከራ ነው። 1234ን፣ የትውልድ ዓመቱን፣ የስልኩን መጨረሻ ይሞክራል። ቁጥሩ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ባለ 4 አሃዙ ከ10,000፣ ባለ 6 አሃዙ ከ1,000,000 አማራጮች አንዱ ነውና በ3 ሙከራ አይገኝም። የአዛውንት ቁጥር ጠንካራ ለመሆን የተወሳሰበ መሆን አይጠበቅበትም። ቀድመው ከሚገመቱት ውስጥ ካልሆነና ከአፍ ካልወጣ በቂ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማስተማሩም ዘዴ አለው። ቁጥሩን አሥር ጊዜ ማስደጋገም ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ጊዜ እያራቀቁ ማስታወስ ነው፤ ወዲያው አንዴ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዴ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲፈላ አንዴ፣ ማታ፣ በነጋታው፣ ከሦስት ቀን በኋላ። ላንዳወርና ቢዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1978 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህም የማስታወስ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር እየተሠራበት ነው። ልጅየው ቁጥሩን ማወቅ አያስፈልገውም። «አባዬ፣ አስታወሱት?» ብሎ መጠየቅና ፊቱን አዙሮ ሲያስገቡ መጠበቅ ይበቃዋል። ሒሳብን ብቻ መመልከትም ጥሩ ልምምድ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀሪ ሒሳቡን የሚያይ ሰው ቁጥሩን አይረሳም፤ የጎደለ ካለም ቶሎ ይነቃል።

ሁለት ነገር ልጨምር። እንደ *127# ወይም *889# ባለ አጭር ኮድ ተደውሎ ሲሠራ፣ የሚያስገቡት ቁጥር በአብዛኛው ስልክ ላይ በኮከብ ሳይሸፈን በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ሲያስገቡ ስልኩን ወደ ደረት ጠጋ ማድረግ ወይም በእጅ መከለል ያስፈልጋል። ሌላው ቋንቋ ነው። ጅማ ዙሪያ ብዙ አዛውንት ስልካቸውን ለሌላ የሚሰጡት የማይችሉት ቋንቋ ስለሚመጣባቸው ነው። ቴሌብር በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። ቋንቋውን አንድ ጊዜ የቀየረላቸው ልጅ ቁጥራቸውን ከሚይዝላቸው ልጅ ይልቅ ውለታ ውሎላቸዋል።

የእውነት የሚቸግረኝ አንድ ነገር አለ። መርሳቱ ሕመም የሆነባቸው ወላጆች አሉ፤ የልጃቸውን ስም የሚያምታቱ፣ ትናንት የሸጡትን ዛሬ የማያስታውሱ። ለእነሱ የበሬው ታሪክ አይበቃም። ያም ሆኖ ቁጥሩን ለቤተሰቡ ሁሉ መበተን መልስ አይደለም። ሕጋዊ ውክልና የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ሰው በስሙ፣ በፊርማው፣ በኃላፊነቱ ይንቀሳቀሳል፤ የወሰደው ሁሉ በእሱ ስም ይጻፋል። የውክልናው ጊዜ መቼ ነው፣ ወላጅ «ገና ነኝ» ሲል ማን ይወስናል ለሚለው ግን የተቆረጠ መልስ የለኝም። ከየቤቱ ጋር የሚለያይ ይመስለኛል። የማውቀው ቶሎ መነጋገሩ እንደሚሻል ነው፤ አእምሮ ሙሉ ሳለ፣ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ ልለፍ።

ተረት፦ የሚስጥር ቁጥር በምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ይጻፋል። ክልክሉ ካርዱ ላይ፣ ስልኩ ጀርባ ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ መጻፍ ነው። ቤት ውስጥ፣ የቤቱ ካርታና የጋብቻ ወረቀት በሚቆለፍበት ሳጥን ውስጥ ያለ ቁራጭ ወረቀት ከ1234 እጅግ የተሻለ ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከልም የይለፍ ቃልን ጽፎ በጥንቃቄ ማስቀመጥን አይከለክልም። ከቁጥሩ ይልቅ «በሬውና ቆርቆሮው» ብሎ መጻፍ ከተቻለ ደግሞ ወረቀቱን ያገኘ ሌባ ምንም አያገኝም።

ተረት፦ ጠንካራ የይለፍ ቃል ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የተቀላቀለበት፣ በየሦስት ወሩ የሚቀየር ነው።

ይህ ለፌስቡክና ለኢሜይል የሚነገር ምክር ነው፤ ምንጩም ይታወቃል። ቢል በር የተባለ ባለሙያ በ2003 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው መመሪያ ነው። ተቋሙ በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል የምልክት ቅልቅሉንም በጊዜ ገደብ ማስቀየሩንም ትቶታል። ቢል በር ራሱም በዚያው ዓመት ለጋዜጣ ሲናገር በብዙው ነገር እንደሚጸጸት ገልጿል። ምልክት ያስጨነቀው ሰው መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ቁጥር 1 ነው፤ በየሦስት ወሩ የሚቀይር ሰው 1ን 2 ያደርጋል። የሚበጀው ርዝመት ነው። የማይገናኙ ሦስት አራት ቃላትን መግጠም ይበቃል፤ ሰፌድ፣ ጎርፍ፣ ሚዛን እንደማለት። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በከፍኛም ማሰብ ይቻላል። አንዳንድ አገልግሎት የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል ብቻ በላቲን ፊደል ይጻፍ። የልጅና የልጅ ልጅ ስም፣ የነቢያትና የቅዱሳን ስም አይግባበት። የሚቀየረው ሰው አውቆታል ተብሎ ሲጠረጠር ነው፤ ያኔ ግን ዛሬውኑ።

ተረት፦ እኔ ድሃ ነኝ፤ ማን ምን ብሎ ይሰርቀኛል?

ሒሳቡ ባዶም ቢሆን ስሙ ዋጋ አለው። ቴሌብር መላን የመሰለ የስልክ ብድር ቁጥሩን የያዘ ሰው በእርስዎ ስም ሊወስድ ይችላል፤ ከፋዩ እርስዎ ነዎት። ፌስቡክዎን ወይም ዋትስአፕዎን የያዘ ሰው ደግሞ ጅዳ ወይም አሜሪካ ያለችውን ልጅዎን «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኪልኝ» ይላታል። እሷ ትልካለች።

ተረት፦ ከባንክ የሚደውል ሰው ለማስተካከል ኮዱ ያስፈልገዋል።

ለማንም አያስፈልገውም። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ ሌባ ነው፤ በአማርኛ ቢያናግርዎትም፣ በኦሮምኛ ቢያናግርዎትም፣ ስምዎን ከነአባትዎ ቢጠራም ያው ነው። በመልእክት የሚመጣ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ኮድም እንደዚሁ ነው። «ተሳስቼ ወደ እርስዎ ስልክ ልኬው ነው፣ ያንብቡልኝ» ቢል አያንብቡለት። ሎተሪ ደርሶዎታል ቢልም ስልኩን ይዝጉ። ትልቅ ሰው ሲያናግሩት ስልክ መዝጋት ነውር የሚመስለው ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ነውር አይደለም።

ተረት፦ የጣት አሻራ ካለ ቁጥር አያስፈልግም።

አሻራ ጥሩ ነው፤ በሚሠራለት ሰው። ዕድሜ ልኩን መሬት የቆፈረ፣ ቡና የለቀመና ያሸ ጣት መስመሩ ያልቃል፤ ስልኩም አያነበውም። ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን አሻራና የፊት ፎቶ የሚወሰደው አንዱ እንቢ ሲል ሌላው እንዲያግዝ ጭምር ነው። ስልክ ላይም አሻራው ሲያቅት የሚጠየቀው ያው ቁጥሩ ነው። አሻራ ቁጥሩን ያግዛል፤ አያስቀረውም።

ለልጆችና ለወኪል ሱቅ ሠራተኞች የምለው አለኝ። በዚህ የቡና ወቅት ለአባት ወይም ለእናት ስልክ ስትከፍቱ አንድ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። «አዲስ የሚስጥር ቁጥር» የሚለው ሲመጣ ስልኩን መልሱላቸው፣ ከየት እንደሚመርጡ ንገሯቸው፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ ጠብቁ። ቁጥሩን ሊነግሯችሁ ቢሞክሩ አስቁሟቸው።

ለእርስዎ ደግሞ፣ አባባም እማማም፦ ቁጥርዎ 1234 ከሆነ ወይም የትውልድ ዘመንዎ ከሆነ ዛሬ ይቀይሩት። ሰው አውቆብኛል ብለው ከጠረጠሩ፣ ወይም ስልክዎና ካርድዎ ከጠፉ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ደውለው ሒሳቡን ያሳግዱ። ሲደውሉ ስምዎንና የስልክ ቁጥርዎን ይጠይቁዎታል፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ግን እነሱም ቢሆኑ መጠየቅ የለባቸውም።